የስምንተኛው ቀን ደም

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶኑ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ባሕር ዛፉ በሚቀበልበት የየካ ዳገት ላይ የአራስ ሕፃን ገላ አይታይም። ብርዱ አይፈቅድም። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በክረምት ጠዋት ጉሙ እስከ ቤት ደጃፍ ይወርዳል። ሕፃኑ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ በላዩ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ ይደረባል። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይወድቅበት መጋረጃው ይወርዳል። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ ገንፎውን ቀምሶ፣ መርቆ ይወጣል እንጂ ልጁን ገልጦ አያይም። ከልጁ የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለአፍታ።

ለአብዛኞቹ ልጆች ይህ ጥበቃ ደግ ነው። ለጥቂቶቹ ግን የሕመማቸው ምልክት ያለው ከጨርቁ ስር፣ ቆዳቸው ላይ ነው።

አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ እንበል። ይህ ልጅ የማንም ልጅ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያልፍበትን መንገድ እንዲያሳየን ለምሳሌ ያመጣሁት ነው። ጤና ጣቢያ በሰላም ተወለደ፤ 3 ኪሎ መዘነ። በስምንተኛው ቀን እንደ ደንቡ ተገረዘ። ደሙ ግን አልቆም አለ። አያቱ ጨርቅ ቀየሩ፣ ደግመው ቀየሩ። ሲነጋ እናትና አያት ልጁን ታቅፈው ጤና ጣቢያ ደረሱ።

«እማማ፣ ጨርቁን በሙሉ እንፍታው» ትላለች ነርሷ።

«ይበርደዋል ልጄ! ቁስሉን ብቻ እዪልኝ።»

«ቶሎ እንመልስለታለን፤ ገላውን ሳላይ ግን አልችልም።»

ጨርቁ ሲፈታ ቁስሉ ብቻ አልነበረም። ሆዱ ተነፍቷል፤ ከጎድን አጥንቱ በታች በቀኝ ጉበቱ፣ በግራ ጣፊያው በእጅ ይዳሰሳል። እግሮቹ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካኩ የሚመስሉ ቀያይ ነጥቦች ፈስሰዋል። ደረቱና ጀርባው ላይ ደግሞ ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ የሚያደሉ፣ ሲነኳቸው ጠጠር ያሉ እብጠቶች አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በስምንተኛው ቀን የሚደማ ልጅ ሁሉ የደም ካንሰር የያዘው አይደለም። ከዚያ በፊት የሚጠረጠሩ ብዙ ነገሮች አሉ፤ በተለይ ሲወለድ ጭኑ ላይ የሚወጋውን የቫይታሚን ኬ መርፌ ያላገኘ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ሊደማ ይችላል። ነርሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። መድማቱ፣ የተነፋው ሆድና የቆዳው እብጠት አንድ ላይ ሲገኙ ግን ጉዳዩ ከአንድ መርፌ ያልፋል።

ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ ሕዋሳት፣ ሕመም የሚከላከሉት ነጭ ሕዋሳት፣ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ሁሉም ከዚያ ይወጣሉ። ሉኪሚያ የምንለው የደም ካንሰር የሚጀምረው አንድ ያልበሰለ ነጭ ሕዋስ መብሰሉን ትቶ መባዛት ብቻ ሲይዝ ነው። ሐኪሞች ብላስት የሚሉት ይህ ሕዋስ መቅኔውን ሞልቶ ሌላውን ያስወጣል። ቀዩ ሲያንስ ልጁ ይገረጣል፤ ፕላትሌቱ ሲያንስ ይደማል። ብላስቱ ሞልቶ ሲፈስ ጉበት ውስጥ፣ ጣፊያ ውስጥ፣ በአራስ ልጅ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆዳ ውስጥ ይሰፍራል። ሰማያዊዎቹ እብጠቶች እነሱ ናቸው። የአራስ ልጅ ነጭ የደም ሕዋስ በጤናውም ቀን ከትልቅ ሰው ይበልጣል፤ በአንድ ማይክሮሊትር እስከ 30,000 ቢደርስ አያስደነግጥም። ሉኪሚያ በያዘው አራስ ግን ከ100,000 ሊያልፍ ይችላል።

እንዲህ ዓይነቱ ሕመም እጅግ ብርቅ ነው። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ሉኪሚያ የሚገኝባቸው ልጆች ከ1 ሚሊዮን ውልደት ከ1 እስከ 5 እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ስለሚወለዱ፣ ግምቱ ለእኛም የሚሠራ ከሆነ በአገሪቱ በሙሉ በዓመት ከ4 እስከ 20 ልጆች ማለት ነው። ታዲያ ለነዚህ ጥቂቶች ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ይህን ሕመም የሚመስሉት ሌሎች ብዙ መሆናቸው ነው። የሚመስሉት ደግሞ አብዛኞቹ የሚድኑ ናቸው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የደም መመረዝ ነው። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲገባ ነጭ ሕዋስ ይጨምራል፣ ፕላትሌት ይወርዳል፣ ልጁ ይዝላል። ለዚህ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ይጀመራል፤ መጀመሩም ትክክል ነው፣ ኢንፌክሽን ቀጠሮ አይሰጥምና። ቀጥሎ ከእናት በእንግዴ ልጅ በኩል የሚተላለፉት አሉ፤ ቂጥኝ፣ ሩቤላ፣ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ። እነዚህም ጉበትና ጣፊያ ያሳብጣሉ፣ ቆዳ ላይም ተመሳሳይ ምልክት ሊያወጡ ይችላሉ። ከእናት የተላለፈ ቂጥኝ በፔኒሲሊን የሚታከም ሕመም ነው፤ ሳይመረመር ቀርቶ ልጅ ቢሞትበት የሚያንገበግብ ነው።

ሦስተኛው እናቶቻችን ስሙን ከሐኪም ቀድመው የሚያውቁት ሾተላይ ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የእሷ ሰውነት የልጁን ቀይ ሕዋስ እንደ ባዕድ ይዋጋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፤ ቀጣዮቹ ይጎዳሉ። የልጁ መቅኔ የጠፋውን ለመተካት ሲጣደፍ ያልበሰለ ሕዋስ ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበትና ጣፊያም ደም ሥሩ ተብለው የታዘዙ ይመስል ያብጣሉ። የሾተላይ መከላከያ ለእናቲቱ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። ለልጁም ደም መለወጥን ጨምሮ የታወቀ ሕክምና አለ።

አራተኛው በጣም የሚያስገርመው ነው። ከዳውን ሲንድረም ጋር ከሚወለዱ ልጆች ከ10 አንድ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደማቸው በብላስት ይሞላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሉኪሚያ ነው። ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኞቹ ላይ በራሱ ይጠፋል። ጋታ 1 በተባለ ጂን ላይ በማሕፀን ውስጥ የተፈጠረ ለውጥ፣ ከተጨማሪው 21ኛ ክሮሞዞም ጋር ተዳምሮ ያመጣው አላፊ ሁኔታ ነው። ከ1,000 ውልደት አንዱ ዳውን ሲንድረም ያለበት ቢሆን እንኳ በአገራችን በዓመት 400 ገደማ አራሶች በዚህ ያልፋሉ ማለት ነው፤ ከእውነተኛው የአራስ ሉኪሚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር። ጉበታቸው የተጎዳና ትንፋሽ ያጠራቸው ጥቂቶች ሳይታራቢን የተባለው መድኃኒት በትንሽ መጠን ያስፈልጋቸዋል። የቀሩት የሚያስፈልጋቸው ክትትል ነው። እንዲህ ላለው ልጅ «ካንሰር ነው» ብሎ ከባድ ኬሞቴራፒ መጀመር ሊድን ያለን ልጅ መግደል ሊሆን ይችላል። «የማይድን ነው» ብሎ ወደ ቤት መስደድም እንደዚያው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ነገር የሚቀድመው አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ነው። ከልጁ ተረከዝ አንድ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ጠብታዋ በብርጭቆው አንድ ጫፍ ትቀመጣለች፤ የሌላ ብርጭቆ ጠርዝ በማዘንበል ይነካታል፤ ደሙ ጠርዙን ተከትሎ ሲዘረጋ ባለሙያዋ እጇን ሳታቆም ወደፊት ትገፋለች። ትንሽ ካመነታች ወፍራም ይሆናል፣ ከቸኮለች ይቆራረጣል። ደርቆ ቀለም ሲነካው ቀይ ሕዋሳቱ ፈዛዛ ሮዝ፣ የነጮቹ አስኳል ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል። ብላስት ካለ ይለያል፤ ትልቅ ነው፣ አስኳሉ ሕዋሱን ሞልቶታል፣ ዙሪያው ላይ ቀጭን ሰማያዊ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ ወባና ቲቢ ለመመርመር በየጤና ጣቢያው የተቀመጠው ዓይነት ነው። የሚጎድለው መሣሪያው ሳይሆን በአራስ ልጅ ደም ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለበት የሠለጠነ ዓይን፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ «ብርጭቆውን እንይ» የሚል ትእዛዝ ነው።

መቅኔውንም ማየት ግድ ሲሆን ከትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከዳሌ አጥንት አይወሰድም። የአራስ ልጅ ዳሌ ገና ስስ ነው፤ መርፌው የሚገባው ከጉልበት ዝቅ ብሎ በቅልጥሙ አጥንት ላይ ነው። የሚቀዳው ደም ሁሉ በልክ ነው፤ የ3 ኪሎ ልጅ ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ያነሰ ነውና። «ለምርመራ ትንሽ ጨምሩ» የሚል ቃል በትልቅ ሰው ላይ ምንም አይደለም፤ በዚህ ልጅ ላይ ግን ራሱ የደም ማነስ ያመጣል።

ከየካ ዳገት የወረደ ሪፈር የሚሄደው ወዴት ነው? ክፍለ ከተማው ሆስፒታል አላጣም። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚያው ነው፤ ወደ ኮተቤ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ሕሙማን የተኙበት የካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ። የልጅ የደም ካንሰር ሲጠረጠር ግን መንገዱ በአራት ኪሎና በፒያሳ አድርጎ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። እዚያ ያለው የልጆች የደምና የካንሰር ሕክምና ክፍል ባለፉት ዓመታት የቆመው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስላን ፕሮጀክት ከተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ የልጆች ካንሰር ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌም ሕክምናው አለ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያስታውሱን ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን የወሰደው በ4 ዓመቱ በሉኪሚያ ከሞተ ሕፃን ነው። እናትና አባቱ ሐዘናቸውን ይዘው ቤታቸው አልተቀመጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ድርጅቱን መሠረቱ። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበርም እንዲሁ የልጅ ካንሰር በደረሰባቸው ሰዎች የቆመ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ልጅ ይዘው መጥተው ማደሪያ ያጡትን ያስጠጋል። ይህ ተራ ነገር አይደለም። በድሃ አገሮች የልጅ ካንሰር ሕክምና ከሚከሽፍባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ቤተሰቡ ብር አልቆበት፣ ቤት የቀሩት ልጆች አሳስበውት ሕክምናውን አቋርጦ መሄዱ ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። የታመመ አራስ የታቀፈች እናት ከሁሉ በፊት የምትመረምረው ራሷን ነው። በእርግዝናዬ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ስለተሸከምኩ ይሆን? ብርድ ስለመታኝ? ቡዳ ያየኝ ቀን ይሆን? የተወጋው መርፌ ይሆን? ስለመርፌው የተነሳ ጥያቄ በሳይንሱም ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት የቫይታሚን ኬ መርፌ ከልጆች ካንሰር ጋር ይያያዝ ይሆናል ብሎ ዓለምን አስደንግጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሰፋፊ ጥናቶች አላገኙትም። ሸክሙም፣ ብርዱም፣ መርፌውም አይደለም።

መነሻው ማሕፀን ውስጥ እንደሆነ የታወቀው መንትዮችን በማጥናት ነው። የለንደኑ ሜል ግሪቭስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ሥራ፣ ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሉኪሚያ የያዛቸውን ተመሳሳይ መንትዮች ሕዋስ መረመሩ። የጂኑ ስብራት በሁለቱም ላይ በአንድ ነጥብ ላይ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ከወላጅ የወረሱትም አልነበረም። እንዲህ ሊሆን የሚችለው ስብራቱ በአንደኛው ላይ ተፈጥሮ፣ በጋራ እንግዴ ልጃቸው የደም ሥር በኩል ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በሌሎች አገሮች ሁሉም ሕፃን ሲወለድ ከተረከዙ ወረቀት ላይ የሚንጠባጠበውን የደረቀ ደም አውጥተው ሲመረምሩ፣ በኋላ የታመሙት ልጆች ስብራቱን ገና በተወለዱ ጊዜ ይዘውት እንደነበር አዩ። በጨቅላዎች የሊምፍ ሉኪሚያ ከ10 ሕሙማን በ8ቱ ያህል የሚሰበረው በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ጂን ነው። ሕዋስ ሲከፈል የሚፈጠር ስሕተት ነው። ይህን ለእናቲቱ በአማርኛ፣ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኗን እያዩ መንገር የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጸበሉስ? እንጦጦ ላይ ሆኖ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። በኪዳነ ምሕረትና በማርያም ደጅ ልጁን ታቅፎ የሚቆም ቤተሰብ ሁልጊዜ አለ። አገራችን በዚህ ላይ ከኤችአይቪ ዘመን ያገኘችው ልምድ አላት። ሕሙማን መድኃኒት አቋርጠው እንጦጦ ላይ በሚጠመቁበት ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ለልጅ ሉኪሚያም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቃል ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ኬሞቴራፒ የጀመረ አራስ መከላከያው ስለሚወርድ፣ ብርድና ያልፈላ ውኃ እንዲርቁት ሐኪሙና ካህኑ ተነጋግረው ቢወስኑ ይሻላል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሱበት ቀንም አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምናው ጋር ይገጣጠማል። «አይሆንም» ብሎ ከመከልከል «እንዴት እናድርገው» ማለት ቤተሰቡን ከሆስፒታሉ ጋር ያቆየዋል።

እንጥል ማስቆረጥና ድድ አስበጥቶ የወተት ጥርስ ማስነቀል ግን ሌላ ነገር ነው። ፕላትሌቱ የወረደ ልጅ በአንድ ምላጭ ደሙ ሊያልቅ ይችላል። እዚህ ላይ የምለሳለስበት ምክንያት የለኝም።

ሕክምናው ራሱ ከባድ ነው። በአራሶች ላይ በብዛት የሚታየው ማይሎይድ የተባለው ዓይነት ሲሆን ዋናዎቹ መድኃኒቶች ሳይታራቢንና ዳውኖሩቢሲን ናቸው። ለሊምፍ ዓይነቱ ስቴሮይድ፣ ቪንክሪስቲን፣ አስፓራጂኔዝና ሜቶትሬክሴት ይሰጣሉ። መጠኑም በጥንቃቄ ይሰላል፤ የአራስ ጉበትና ኩላሊት ገና ሥራ እየለመዱ ስለሆነ የጨቅላዎች ፕሮቶኮሎች ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ከተሰላው ልክ ላይ አንድ ሦስተኛውን ያነሳሉ። ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ፈሳሽና አሎፑሪኖል ይቀድማሉ፤ የሚሞተው ብላስት የሚለቀው ቆሻሻ ኩላሊቱን እንዳይዘጋው። በመካከሉ ደምና ፕላትሌት ያለማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ፕላትሌት ደግሞ ከተለገሰ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም። ስቴዲየም አካባቢ ሲያልፉ ደም ባንክ ጎራ የሚሉ ለጋሾች እንዲህ ዓይነት ልጆችን ነው የሚያቆዩት።

ተስፋው ምን ያህል ነው? በመጀመሪያው ወር ሉኪሚያ የተገኘባቸው ልጆች በቀድሞ ጥናቶች ውስጥ 2 ዓመት የቆዩት ከ4 አንዱ ገደማ ነበሩ፤ ሀብታም አገር ታክመው ነው ይህ። ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2015 በ14 ሳምንቷ የታመመችና ሌላ ሁሉ ሕክምና ያልሠራላት ሕፃን በጂን የተቀየሩ የለጋሽ መከላከያ ሕዋሳት ተሰጥተዋት ዳነች። በ2023 ደግሞ ብሊናቱሞማብ የተባለው መድኃኒት ከተለመደው ኬሞቴራፒ ጋር ለ30 ጨቅላዎች ተሰጥቶ ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት 2 ዓመት ላይ በሕይወት ነበሩ። ዋጋው ለእኛ ሆስፒታሎች የማይቀመስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አሜሪካ ያለው የቅዱስ ጁድ ሆስፒታል በ2021 መጨረሻ የልጆች ካንሰር መድኃኒት ለድሃ አገሮች በነፃ የሚደርስበትን የ200 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አድርገዋል። ከዚያ ዕቅድ የሚመጣ ማንኛውም ጠርሙስ ግን ሕመሙ ላልታወቀለት ልጅ አይደርስም።

የካ ውስጥ ዛሬ ሊጀመር የሚችለው ይህ ነው። አራስ ልጅ ለክትባትም ሆነ ለሕመም ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ክፍሉ ሞቆ፣ ጨርቁ በሙሉ ተፈትቶ ይታይ። ደም፣ የተነፋ ሆድና የቆዳ እብጠት ያለበት ልጅ አንቲባዮቲኩ ሳይዘገይ ተጀምሮለት የደም ቆጠራና ብርጭቆ ይሠራለት። ብርጭቆው በስልክ ካሜራ በማይክሮስኮፑ ዓይን በኩል ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ላለ ሐኪም ይላክ፤ ልጁ ታክሲ ላይ ሳይሆን መልሱ ስልክ ላይ ይጓዝ። ከዳውን ሲንድረም ጋር የሚመጣው አላፊው ዓይነት የተገኘበት ልጅ «ዳነ» ተብሎ አይረሳ፤ ከነዚህ ልጆች ከ5 አንዱ ያህል 4 ዓመት ሳይሞላው እውነተኛ ሉኪሚያ ይይዘዋልና፤ ያም በጊዜ ከተደረሰበት ከልጅ ካንሰሮች ሁሉ በደንብ ከሚድኑት አንዱ ነው። ስለዚህ በየ3 ወሩ የደም ቆጠራ ይሠራለት፤ ካርዱ ላይ የአባቱም፣ የአያቱም፣ የጎረቤታቸውም ስልክ ይጻፍ፤ የኪራይ ቤት ይቀየራል፣ ስልክም ይጠፋል።

ሳይደረስበት ለሞተውም ልጅ እንዲሁ። ቻምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሐረርና በቀርሳ የሞቱ ሕፃናትን ትክክለኛ የሞት ምክንያት፣ በቤተሰብ ፈቃድ፣ በቀጭን መርፌ ናሙና እየወሰደ ይፈልጋል። የካ ላይ ያን ያህል ማድረግ ባይቻል እንኳ በሞት መዝገቡ ላይ «ኢንፌክሽን» ተብሎ ከመጻፉ በፊት በሕይወቱ ሳለ የተወሰደ አንድ ብርጭቆ ቀለም ተነክሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ። ቀጣዩን ልጅ ለምትፀንሰው ለዚያችው እናት «ሾተላይ ነበር፣ ቀጣዩ እርግዝናሽ ክትትል ይፈልጋል» ወይም «ሉኪሚያ ነበር፣ ብዙ ጊዜ አይደገምም» ብሎ ለመንገር የሚረዳው እሱ ነው።